ሥዕሎቹ የሌሉበት የሠዓሊ ቤት፦ ወደ ግራይፍስቫልድ መሄድ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው በርሊን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ ከእርሷና ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር በሰሜን ጀርመን በባልቲክ ባሕር አጠገብ ባለችው በግራይፍስቫልድ ከተማ የሚገኘውን የጀርመናዊውን ሠዓሊ የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽን ሙዚየም ለማየት አስበን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ታዋቂዎቹ ሥዕሎች እዚያ የሉም አለኝ። ይህ እውነት ከሆነ መሄዱ ያዋጣል ወይ? ከሄድንስ ምን እንይ?»

ባልደረባዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ጉዞውን ቢሰርዙት በኋላ ይቆጭዎታል ብዬ አምናለሁ። በከተማዋ የገበያ ጎዳና በላንገ ሽትራሰ፣ ቁጥር 57 ላይ የሚገኘውና በ2004 የተከፈተው የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ ማዕከል (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሠዓሊው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1774 በተወለደበት ቦታ ላይ የቆመ የመታሰቢያ ቤት እንጂ የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ተሰብስበው የሚታዩበት ጋለሪ አይደለም። የትውልድ ቤቱ ራሱ በ1901 በእሳት ቃጠሎ የጠፋ ሲሆን፣ ዛሬ ጎብኚው ሊያየው የሚችለው ዋናው ቅርስ የቤተሰቡ የሳሙናና የሻማ መሥሪያ የነበረው ምድር ቤት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቡድን ይዤ ስሄድ ይህን አስቀድሜ ባለመናገሬ፣ ሰዎቹ ከበሩ እንደገቡ «ሥዕሎቹ የት አሉ?» እያሉ ቀኑን ሙሉ አኩርፈውኝ ዋሉ፤ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ሥዕሎቹ የት የት እንዳሉ ነው።

«መነኩሴው በባሕር ዳር» እና «ገዳም በኦክ ጫካ» የተባሉት፣ በ1810 በበርሊን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዐውደ ርእይ ጎን ለጎን ቀርበው የፕሩስያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ የገዛቸው ሁለቱ ሥዕሎች፣ እርስዎ በሚኖሩበት በበርሊን በሙዚየም ደሴት ላይ ባለው በአልቴ ናሲዮናልጋለሪ ይገኛሉ። ከጉም ባሕር በላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው፣ በየመጽሐፍ ሽፋኑ የምናውቀው ተጓዥ እንዲሁም «የበረዶ ባሕር» ሃምቡርግ በሚገኘው ኩንስትሃለ ናቸው። ኑሮውንና ሥራውን ከ1798 ጀምሮ ያደረገው፣ በሜይ 7 ቀን 1840 ያረፈውም ድሬስደን ውስጥ በመሆኑ ያች ከተማም የራሷን ድርሻ ይዛለች። የሩገን ደሴት ነጭ የኖራ ገደሎች ሥዕል ደግሞ ጨርሶ ከጀርመን ውጭ፣ ስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ነው ያለው። ስለዚህ ግራይፍስቫልድ የሚኬደው እነዚህን ለማየት ሳይሆን ሥዕሎቹ ከምን ዓይነት ቤት፣ ከምን ዓይነት ምድርና ከምን ዓይነት ብርሃን እንደተነሡ ለመረዳት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል፦ መጀመሪያ በርሊን፣ ከዚያ ግራይፍስቫልድ።

ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው እናትዎንና ልጅዎን ይዘው ወደ አልቴ ናሲዮናልጋለሪ ይሂዱና በ«መነኩሴው» ፊት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቁሙ። ሥዕሉ ቁመቱ 110፣ ወርዱ 171.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ሰው የሚባለው ከጣትዎ ብዙም የማይረዝም አንድ ጥቁር ልብስ የለበሰ ምስል ብቻ ነው፤ የቀረው ጠባብ የአሸዋ ዳር፣ የጠቆረ የባሕር መቀነትና ከሥዕሉ አብዛኛውን ክፍል የያዘ ሰማይ ነው። በኢንፍራሬድ በተደረገ ምርመራ ሠዓሊው መጀመሪያ በባሕሩ ላይ መርከቦችን ነድፎ እንደነበር፣ በኋላ ግን እንዳጠፋቸው ታውቋል። ዓይን የሚያርፍበትን ነገር አንድ በአንድ እየቀነሰ እዚህ ባዶነት ላይ መድረሱን ካወቁ በኋላ ሥዕሉ እንደ በፊቱ አይታይዎትም። ከ2013 እስከ 2016 በተካሄደው ጥገና የጠቆረው የላይኛው ቫርኒሽ ሲነሳ ደግሞ ሰማያዊው ቀለም እንደገና ወጥቷል፤ በድሮ ህትመት ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ቡናማና ደብዛዛ ነው ብለው የሚያስቡት ለዚህ ነው።

እናትዎ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያዩ ያደጉ ከሆነ የፍሪድሪሽ ሰዎች ጀርባቸውን መስጠታቸው ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቅሬታው ግን ለማስረዳት ጥሩ መነሻ ነው። በእኛ የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ከሃዲውና ርኩሱ መንፈስ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ተመልካቹ በቅዱሱ እይታ ሥር ይቆማል ማለት ነው። በፍሪድሪሽ ዘንድ ግን የሚያየን የለም። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው እኛ ወደምናየው ወደዚያው ነገር ያያል፤ ፊቱን ስለማናይም በእርሱ ቦታ ራሳችንን ማቆም ቀላል ይሆንልናል። ተራራንና የጥድ ዛፎችን ከመስቀል ጋር አድርጎ ለመንበር የሚሆን ሥዕል በሠራ ጊዜ፣ ዛሬ ድሬስደን በሚገኘውና በ1808 በተጠናቀቀው በዚያ ሥራ ምክንያት፣ ፎን ራምዶር የተባለ ሐያሲ በ1809 መልክዓ ምድር ወደ መቅደስ ሊገባ አይገባም ብሎ በጽሑፍ ተነሥቶበታል። ሥርዓት ባለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መካከል ላደገ ሰው የሐያሲው ቁጣ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ አውሮፓዊ ጎብኚ ይልቅ እናትዎ ነገሩን በቶሎ ይረዱታል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። አባትየው አዶልፍ ጎትሊብ ፍሪድሪሽ ከኖይብራንደንቡርግ መጥቶ በግራይፍስቫልድ የተቀመጠ ሳሙና ቀቃይና ሻማ ሠሪ ሲሆን፣ ካስፓር ዳቪድ ከአሥር ልጆቹ ስድስተኛው ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በስዊድን ንጉሥ ሥር የነበረችው የፖመርን ክፍል ስለነበረች፣ «ጀርመናዊው ሠዓሊ» ሲወለድ የስዊድን ዘውድ ዜጋ ነበር፤ በ1815 ግዛቱ ወደ ፕሩስያ ካለፈ በኋላም እንኳ በ1824 ለተወለደው ወንድ ልጁ ጉስታቭ አዶልፍ የሚል የስዊድን ነገሥታት ስም አውጥቶለታል። ይህን ልብ ያሉት እንደሆነ፣ ላይፕሲሽ ባለው «የሕይወት ደረጃዎች» በተባለው የመጨረሻ ዘመኑ ሥዕል ላይ ሕፃኑ የስዊድንን ትንሽ ባንዲራ ይዞ የሚታይበት ምክንያት ግልጽ ይሆንልዎታል።

ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። የዚያ ዘመን የሻማ ሥራ ከእኛ የጧፍ ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ እኛ ፈትሉን የምንነክረው በንብ ሰም ሲሆን ተራው የጀርመን ከተሜ ግን ርካሹን የከብት ሞራ መጠቀሙ ነው። ክሮቹ በአንድ ዘንግ ላይ ጎን ለጎን ይንጠለጠሉና በቀለጠው ሞራ ውስጥ አንድ ጊዜ ጠለቅ ተደርገው ይወጣሉ፤ ሲወጡ ገና ክር ናቸው፤ እርጥብና ቀጭን። እስኪረጉ ይጠበቃል፤ እንደገና ይጠለቃሉ። በእያንዳንዱ ጠለቃ ከወረቀት የማይበልጥ ቆዳ ይጨምራሉ፤ የታችኛው ጫፍ እየወፈረ እንደ እንባ ይንጠባጠባል፤ ሠራተኛው ቸኩሎ በጣም በጋለ ሞራ ውስጥ ካጠለቀው ደግሞ ቀድሞ የረጋው ይቀልጥና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሳሙናውም ከዚያው ከሞራው፣ ከአመድ በሚጣራ መራራ ውሃ እየተቀቀለ ነበር የሚወጣው፤ ሽታው ምን ያህል ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይኖር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ለጎብኚዎች የሻማ አሠራር የሚታይበት ጊዜ ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጅዎ ከቀኑ ውሎ ሁሉ የሚያስታውሰው ምናልባት ይህን ይሆናል። ፍሪድሪሽ ሰማዩን ይሠራ የነበረው በስስ የቀለም ንብርብር፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረበ ስለነበር፣ እኔም አንድ ጊዜ ይህን ከአባቱ ሻማ ጋር ላያይዘው ቃጥቶኝ ነበር፤ ማስረጃ ስለሌለው ተውኩት፤ እርስዎ ግን ለልጁ እንደ ጨዋታ ቢነግሩት ክፋት የለውም።

በላይኛው ክፍሎች ስለ ቤተሰቡና ስለ ሕይወቱ የሚያስረዱ ጽሑፎችና ምስሎች ያገኛሉ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። አንድ ነገር ላይ ግን ላስጠንቅቅዎ። እናቱ በ1781፣ እርሱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ ሞታለች፤ ወንድሙ ዮሃን ክሪስቶፈር ደግሞ በ1787 በውሃ ሰጥሟል፤ በበረዶ ላይ የወደቀውን ካስፓር ዳቪድን ሊያድን ሲል ነው የሰጠመው የሚለው ታሪክ በስፋት ይነገራል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ አስጎብኚዎች «የበረዶ ባሕር»ን በወንድሙ ሞት ብቻ ይፈቱታል። ሐዘኑ ዕድሜ ልኩን ተከትሎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሥዕል የተሠራው ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1823 እና 1824 መሆኑን፣ ሠዓሊውም ከዚያ በፊት በ1820 እና 1821 መካከል በነበረው ክረምት ድሬስደን ውስጥ በኤልበ ወንዝ ላይ የተቆለለውን በረዶ እየተመለከተ በዘይት ቀለም ጥናት መሥራቱን፣ ስለ ሰሜን ዋልታ አሳሾች የሚወራውም ወሬ በዘመኑ የሰው ሁሉ መነጋገሪያ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የአንድን ሰው ሥራ ሁሉ በአንድ የልጅነት ሐዘን መፍታት ይቀላል፤ ለዓይን የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው።

ከማዕከሉ ወጥተው ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ የቅዱስ ኒኮላይን ካቴድራል ያገኛሉ። ወንድሙ ክርስቲያን አናጺ ስለነበረ በ19ኛው መቶ ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በተደረገው እድሳት ላይ በእንጨት ሥራው ተሳትፏል። የምሥራቁ መስኮቶች ግን አዲስ ናቸው፤ በ2024፣ ሠዓሊው የተወለደበት 250ኛ ዓመት ሲከበር፣ የዘመናችን ሠዓሊ ኦላፉር ኤሊያሰን ከአንድ የፍሪድሪሽ ሥዕል ቀለማት ተነሥቶ የሠራቸው ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ካለ ይግቡ፤ ከሌለ ይለፉት።

የሠዓሊውን ኦርጅናል ሥዕሎች በግራይፍስቫልድ ማየት የሚችሉት በፖመርን ክልላዊ ሙዚየም ሲሆን፣ እርሱም ከማዕከሉ በእግር የሚደረስበት ነው። ከሥዕሎቹ መካከል ሁለቱን ፈልገው ያግኙ። አንደኛው የወላጆቹ ከተማ የኖይብራንደንቡርግ ሥዕል ነው፤ ምድር ቤቱን አይተው ሲመጡ የአባቱን አገር ያገኙታል። ሁለተኛው «የኤልዴና ፍርስራሽ በሪዘንገቢርገ» ሲሆን፣ ከ1830 እስከ 1834 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ እኔ ለዚህ አንድ ሥዕል ስል ብቻ እንኳ ባቡሩን እሳፈራለሁ። በሥዕሉ ላይ ከከተማዋ ዳር ያለው የኤልዴና ገዳም ፍርስራሽ በከፍተኛ ተራሮች ግርጌ ቆሞ ይታያል፤ የግራይፍስቫልድ ምድር ግን እንደ ምጣድ የተደላደለ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ተራሮች ዛሬ በቼክና በፖላንድ ድንበር ላይ፣ ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙ ናቸው። ሠዓሊው በ1810 በእግሩ የተጓዘባቸውን ተራሮች ከልጅነት ፍርስራሹ ጋር አጋብቷቸዋል። ሜዳ ላይ ወጥቶ በእርሳስ የሚነድፈው እያንዳንዱ ዛፍና ድንጋይ በጥንቃቄ የተጠና ነው፤ ሥዕሉ ግን የሚወለደው ባዶ በሆነው የድሬስደን መሥሪያ ክፍሉ ነው። በወረቀት የተሠሩ ንድፎቹና የውሃ ቀለም ሥራዎቹ፣ በ1818 የሠራው የግራይፍስቫልድ ገበያ አደባባይ ሥዕልም ጭምር፣ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሁልጊዜ አይወጡም፤ እነርሱን ለማየት ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ቀድመው ሙዚየሙን ይጠይቁ። በዚያው ሙዚየም የቫን ጎግና የሌሎችም ሥራዎች አሉ፤ ዓይንዎ ከደከመ ለሌላ ቀን ቢተዋቸው ይሻላል።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለኤልዴና ያድርጉት። ከመሐል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ የሪክ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ነው፤ አውቶቡስ ይሄዳል፤ በብስክሌት ለሚሄድም መንገዱ ደልዳላ ነው። በ1199 ሲስተርሲያን በተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የተመሠረተው ይህ ገዳም ከሉተር ተሐድሶ በኋላ ተዘግቶ፣ ጡቡ ለምሽግና ለሌላ ግንባታ እየተነቀለ ሲወሰድ ኖሯል። አሁን በዛፎች መካከል የቆመው ቀይ የጡብ ግድግዳ፣ ረጅሙ የምዕራብ መስኮትና የተበታተኑት ምሰሶዎች ናቸው፤ መግቢያ አይከፈልም፤ ልጆች በግድግዳው ሥር ይሯሯጣሉ። እዚህ ቆመው በርሊን ያዩትን «ገዳም በኦክ ጫካ» በስልክዎ ያውጡት። ሠዓሊው ከፍርስራሹ አብዛኛውን አስወግዶ መስኮት ያለበትን አንዱን ግድግዳ ብቻ ማስቀረቱን፣ በዙሪያው መቃብርና በረዶ መጨመሩን፣ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎችን እንደ ተሰበሩ እጆች መትከሉን፣ በበሩ በኩልም ሬሳ ሳጥን የተሸከሙ መነኮሳትን ማሳለፉን በዓይንዎ ያነጻጽራሉ። ለእኔ የሙዚየሙ ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጣራና ጠባቂ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከዚያ ወደ ቪክ፣ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው፣ ለጀልባ ማሳለፊያ ወደ ላይ የሚከፈተው የእንጨት ድልድይ የተሠራው በ1887፣ ፍሪድሪሽ ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ «ሠዓሊው ያየው ድልድይ» የሚልዎት ሰው ካለ አይመኑት። ተመሳሳይ ስሕተት በሩገንም አለ፦ በ2005 የተደረመሱት የቪሶቨር ክሊንከን ገደሎች ቪንተርቱር ያለው የነጭ ገደሎቹ ሥዕል ምንጭ ናቸው እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ነገር ግን በሠዓሊው ዘመን ያንን ቅርጽ ገና አልያዙም ነበር ተብሎ ይታመናል። ሩገንን በዚያው ቀን ለመጨመር አይሞክሩ። ሠዓሊውም ቢሆን በ1818 ከአዲሷ ሙሽራው ከካሮሊነ ጋር በመጣ ጊዜ ተጣድፎ አልዞረም።

ስለ ጉዞው ጥቂት ልጨምር። ከበርሊን ወደ ሽትራልዙንድ የሚሄደው የክልል ባቡር በግራይፍስቫልድ ያልፋል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ጠዋት በጊዜ ይነሡ። ዶይችላንድ ቲኬት የተባለው፣ በመላው ጀርመን በክልል ባቡርና በከተማ መጓጓዣ የሚያገለግለው ወርሃዊ ቲኬት ካለዎት በክልል ባቡሩ ላይ ይሠራል። ሰኞ በጀርመን ብዙ ሙዚየሞች ዝግ ስለሆኑ ያንን ቀን ይተዉት። እናትዎ ብዙ መራመድ የማይችሉ ከሆነ ከካቴድራሉ ይልቅ ለኤልዴና ጉልበታቸውን እንዲቆጥቡ እመክራለሁ፤ በክረምት ከሄዱም ልብ ይበሉ፣ በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ብርሃኑ ግን ያኔ ነው የእርሱን ሥዕል የሚመስለው። በበጋ ሄደው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ካገኙ ዕድል አልቀናዎትም ማለት ነው።

ወደ ባቡሩ ከመመለስዎ በፊት አንድ ሰዓት ከተረፈዎት፣ ከአሮጌው ከተማ ወደ ምዕራብ ወጣ ይበሉና ዞረው ይመልከቱ። ሃምቡርግ ያለው «የግራይፍስቫልድ መስኮች» የተባለው ሥዕል፣ ቁመቱ 35 ወርዱ 49 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ትንሽ ሥራ ነው፤ በለምለም መስክ ላይ የሚፈነጩ ፈረሶች፣ ከበስተኋላ የነፋስ ወፍጮዎችና የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ይታዩበታል። ዛሬ መስኩ ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ ፈረሶቹም የሉም። ሦስቱ ማማዎች ግን አሁንም አሉ፤ የከተማዋ ሰዎች «ረጅሙ ኒኮላውስ»፣ «ወፍራሟ ማሪ» እና «ትንሹ ያኮብ» ይሏቸዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጅዎ ራሱ ይለያቸው።